ቲቸር አትሰማም

በእትዬ አስያ ግቢ የእታገኘሁን ሰርቪስ ቤት ከማድ ቤቱ የሚለየው አንድ ቀጭን የጭቃ ግድግዳ ነው። ከወዲያ ማንኪያ ሲወድቅ ከወዲህ ያለ ሰው ላንሳው ብሎ ጎንበስ ሊል ይዳዳዋል። የነሐሴ ጠዋት ነበር። ጭጋጉ ከጭላሎ ተራራ ወርዶ የአሰላን ቆርቆሮ ሁሉ አልብሶታል፤ ብርዱ በበሩ ሥር እየገባ እግር ይልሳል። እታገኘሁ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አንዱን ካልሲ አጥልቃ ሁለተኛውን ስትጀምር የቤቱ ሰዎች ከወዲያ በኩል ሲነጋገሩ ሰማች። በኦሮምኛ ነው የሚነጋገሩት። ይህ ብርቅ አይደለም፤ ወደ ሃያ ዓመት ገደማ በዚያ ግድግዳ በኩል ኦሮምኛ ሲፈስ ኖሯል፣ እሷም ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንደሚሰማ ሰው ሰምታው ኖራለች፤ ድምፁን ትወደዋለች፣ ምን እንደሚል ግን አትጠይቀውም። የዛሬው ብርቅ ሌላ ነው። ዛሬ ገባት። እያንዳንዱ ቃል አይደለም፤ ነገሩ ግን ከነአጥንቱ ገባት።

«ዛሬ ያልቃል» ይላል ጉቱ፣ የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ። «ጽሑፉን እዚያ በነፃ የሚጽፉት ዘንድ እናስጽፋለን። ከዚያ ዳኛው ፊት ቆማ፣ የሁሩታውን የአባቴን መሬት ድርሻዬን ለወንድሞቼ ለቅቄያለሁ ትላለች። በቃ።»

«እሷስ እሺ ብላለች?» ይላሉ እናቱ እትዬ አስያ።

«እሺ ባትልስ? ነገ አግብታ መሬታችንን ለባዕድ ልታሳርሰው ነው?»

እዚያ ውስጥ ሦስተኛ ሰው መኖሩን የምታሳብቀው ሽንኩርት የምትከትፍ ቢላዋ ነበረች፤ እሷም ቆመች። ቢፍቱ ናት፣ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ፣ ይህ ሁሉ የሚባልባት። ስለ መሬቱ አንድ ቃል አልወጣትም። ብቻ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ቀስ በሉ፣ ቲቸር ቤት አሉ» አለች።

«ኢሺን ሂን ቤክቱ» አለ ጉቱ ሳቅ ብሎ። አታውቅም ማለቱ ነው። ቲቸር አትሰማም። ቢላዋዋም ሥራዋን ቀጠለች። እታገኘሁ ካልሲዋ ግማሽ እግሯ ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረች።

እንግዲህ ይህችን ሴት ጆሮ የሰጣት የሕግ ትምህርት ነው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እታገኘሁ ከደብረ ማርቆስ ተመድባ የመጣች የአማርኛ አስተማሪ ናት። ጉቱንም ቢፍቱንም አስተምራለች፤ በዚያ ሰፈር ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ ጎረምሳ ካለ የእሷ እጅ አለበት። ክረምት ሲገባ ሌላው አስተማሪ ዘመድ ጥየቃ አገሩ ሲሄድ፣ እሷ ስድስት ክረምት ሙሉ ጃንጥላዋን ይዛ የክረምት ሕግ ትምህርት ተመላልሳለች። ጸጉሯ ሸበቶ ሲያበቅል፣ ከጎኗ የሚቀመጡት ልጆች «እማ» ሲሏት፣ እሷ ማስታወሻዋን ትይዝ ነበር። አሁን የቀረቻት ሦስት ክሬዲት ናት። ያችም ከሕግ ክፍሉ ውጭ የምትወሰድ አንዲት ኮርስ ናት፤ ተማሪው የመረጠውን ይወስዳል። አብረዋት የተማሩት ኮምፒውተር ወሰዱ፣ ሳይኮሎጂ ወሰዱ፤ በምርጫ ጥያቄ ተፈትነው፣ አልፈው፣ ሻይ ቤት ተቀምጠዋል። እታገኘሁ የቋንቋ ክፍሉ የሚሰጠውን የሕግ ሥራ ኦሮምኛ ካልወሰድኩ አለች። «በዚህ ዕድሜሽ ምላስሽን ልትሰብሪ?» ብለው ሳቁባት። እሷ ግን የት መቀመጥ እንደምትፈልግ ታውቃለች። ፍርድ ቤቱ ግቢ ውስጥ ያለው ነፃ የሕግ ድጋፍ ክፍል፣ ዲግሪሽን ስትይዥ ሴቶቹን አንቺ ታነጋግሪያለሽ ብሏታል፤ ከሁሩታ፣ ከዴራ፣ ከጮሌ የሚመጡት ሴቶች ደግሞ ጉዳታቸውን የሚናገሩት በአማርኛ አይደለም።

የኮርሱ ፈተና ወረቀት የለውም። እዚያው የሕግ ድጋፍ ክፍል ውስጥ፣ ተራው የደረሰውን ባለጉዳይ አስገብቶ፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በኦሮምኛ ማነጋገር ነው። መምህሩ ጥግ ተቀምጦ ያዳምጣል። ንግግሩ ሦስቴ ወደ አማርኛ ከዞረ ፈተናው አይያዝም። የእሷ ቀን ዛሬ ነው። የክረምቱ ትምህርት ደግሞ ከዘንድሮ በኋላ ይዘጋል ተብሎ ተለጥፏል፤ ዛሬ ያመለጠ ሰው ስድስት ክረምቱን በትኖ ነው የሚወጣው።

ሃያ ዓመት ተቀምጣ እንዴት አልቻለችም የሚል ይኖራል። የአሰላን ሰው ጨዋነት የማያውቅ ነው። ገበያ ወርዳ ድንቹን እያገላበጠች «ሜቃ?»፣ ስንት ነው፣ ስትል፣ ሻጯ ገና ከአፏ ሳይወጣ «ኪሎው አርባ ነው ቲቸር፣ ለእርስዎ ሠላሳ አምስት» ትላታለች። ባጃጅ ውስጥ በኦሮምኛ የጦፈ ወሬ፣ እሷ እግሯን ስታስገባ መሀሉ ላይ ታጥፎ አማርኛ ይሆናል። እንግዳ ማስቸገር ነውር ነው። ከሁሉም የባሱት እትዬ አስያ ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉም ሆነ ከሞቱ ወዲህ፣ እታገኘሁን ሲጋብዙ ሳሎን ነው። ሳሎኑ ቀይ ምንጣፍ አለው፣ ሶፋው ላይ የተጠለፈ ዳንቴል አለ፣ ብርጭቆው ከቁም ሳጥን የሚወጣው ለእሷ ነው። ወሬውም እንደ ብርጭቆው ታጥቦ ይቀርብላታል፤ እንዴት ሰነበቱ፣ ዝናቡ በረታ፣ ስንዴው ዋግ እንዳይመታው። ውሃ በፈረቃ ሲመጣ እንኳ እትዬ አስያ ቧንቧው ሥር ሆነው ይጣራሉ፣ «ቲቸር፣ ውሃ መጥቷል፣ ባልዲዎን ያምጡ!» እያሉ። ራሳቸው በዕድሜ እናት የሚሆኗት ሴትዮ «እርስዎ» ይሏታል። ወደ ሃያ ዓመት ገደማ እንዲህ በክብር ሳሎን ተቀምጣ፣ ማድ ቤቱን አላየችውም።

ለብሳ ስትወጣ ሦስቱም ግቢው ውስጥ ነበሩ። ጉቱ ሞተር ብስክሌቱን በጨርቅ እየወለወለ ጎንበስ አለላት። «እንደምን አደሩ ቲቸር! ፈተናው ዛሬ ነው አይደል? በርቱ እንግዲህ!» እትዬ አስያ በትንሽ ሳህን ጭኮ ይዘው መጡ፤ ገብሱ በቅቤ ተለውሶ ያበራል። «ባዶ ሆድ ፈተና አይኬድም» አሉና አፍ አፏን እያዩ አጎረሷት። ቢፍቱ ማድ ቤቱ በር ላይ ቆማ የሽንኩርት እንባዋን በክንዷ እየጠረገች ፈገግ አለችላት፤ የሽንኩርት ብቻ ይሁን አይሁን እግዜር ይወቅ። እታገኘሁ ጭኮውን ዋጠች። እነዚህ ሰዎች ታይፎይድ ይዟት ስትወድቅ ተራ ገብተው ያስታመሟት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ኪራይ በእጥፍ ሲጨምር እትዬ አስያ «ምን ሆነሽ ነው የማትጨምሪባት የሚለኝ ካለ ይምጣ» ብለው የተከራከሩላት ናቸው። እና አሁን ምን ልትላቸው ነው? በግድግዳችሁ ሰማሁ?

ዝናቡ ሲጀምር ባጃጅ ያዘች። ሾፌሩ ከትናንት ወዲህ ሂሳቡ አምስት ብር መጨመሩን፣ ቤንዚን እንደሌለ፣ መንገዱ እንደተቆፈረ ያወራል፤ እሷ አትሰማውም። አንድ ነገር እየከነከናት ነበር። ጉቱ «በነፃ የሚጽፉት ዘንድ» ያለውን ቦታ ያሳየችው እሷው ናት። ባለፈው ወር፣ «ቲቸር፣ አንዲት ማመልከቻ ያለ ክፍያ የሚጽፉት የት ነው?» ሲላት፣ ደስ ብሏት ነበር፤ ወደፊት እኔ የምሠራበት ክፍል ነው፣ ከጠዋት ሂዱ፣ ተራ ያዙ ብላ መከረችው። ለማን ምን እንደሚጻፍ አልጠየቀችም። ሳሎን ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንደዚያ አይጠይቅማ። ባጃጇ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ስትቆም ግን ሐሳቧ ለይቶለት ነበር። በግድግዳ የሰማሁትን አላወራም፣ አለች ለራሷ፤ እሱ የእነሱ ነው። መጠየቅ ግን የእኔ ነው። የመጣ ሰው ሁሉ ይጠየቃል። ቢፍቱ ተራዋ ከደረሰ፣ እንደማንኛዋም ሴት ትጠየቃለች።

የሕግ ድጋፍ ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የዓምና ካላንደር፣ ጥግ ላይ ከጣሪያ የሚንጠባጠበውን ውሃ የሚቀበል የቀለም ቆርቆሮ። መምህር ለሊሳ ከቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጦ እስኪብርቶውን ይሞክራል። ቀጭን ወጣት ነው፣ የጮሌ ልጅ፤ እሷን «ቲቸር» ነው የሚላት፣ ፈተና ላይ ግን ዘመድ የለውም። ከእሷ በፊት የገባው አብሯት የሚማር ሰውዬ ባለጉዳዩን ሦስቴ በአማርኛ አስረድቶ ወጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ቆሟል። ውጭ አግዳሚው ላይ ሰዎች በጋቢና በላስቲክ ተጠቅልለው ተደርድረዋል። ተራ የሚጠራው ዘበኛ «ቀጣይ!» ሲል፣ ጉቱ እህቱን በክርን እየገፋ ብቅ አለ። እታገኘሁን ሲያይ ፊቱ በራ።

«ቲቸር! እርስዎ ነዎት? እንኳንም ሰው አገኘን!»

እታገኘሁ ባለጉዳይ ብቻዋን ነው የምትገባው አለችው፣ በኦሮምኛ፣ ቃል በቃል እየመዘነች። ጉቱ ሳቀ፤ ክፋት የለበትም፣ ሕፃን ልጅ ሲራመድ እንደሚሳቀው ያለ ሳቅ ነው። «እንዴ! ቲቸር በኦሮምኛ! ታዲያ ማን ያስተረጉምልዎታል?» እያለ ወጣ። በሩን እሷ ዘጋችው።

ቢፍቱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ነጠላዋ ረጥቧል። እታገኘሁ እጇን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። «መቃን ኬ ኤኙ?» አለቻት፤ ስምሽ ማን ነው?

ቢፍቱ አፏን በነጠላ ይዛ ሳቀች። «ቲቸር ደግሞ! ስንት ዓመት ስሜን እየጠሩ አቴንዳንስ ይዘውብኝ!» አለች፣ ጥርት ባለ አማርኛ። ጥግ ላይ እስኪብርቶው አንዴ አሰመረ። እታገኘሁ በኦሮምኛ ደገመች፣ ምን ጉዳይ አመጣሽ? ቢፍቱ ቀጥ ብላ ተቀመጠች፣ ዓይኗን ካላንደሩ ላይ አደረገች። «ከአባቴ በውርስ የደረሰኝን የመሬት ድርሻ ለወንድሞቼ በገዛ ፈቃዴ ለመልቀቅ ነው» አለች። እስኪብርቶው እንደገና አሰመረ። ለሊሳ ጉሮሮውን ጠረገ፤ «ቲቸር፣ አንዴ ደግሞ ከተደገመ ማቆም ይኖርብኛል» አለ በትሕትና።

እታገኘሁ ግን ክሬዲቱን ለአፍታ ረስታው ነበር። የደነገጠችው በሌላ ነው። ያ አረፍተ ነገር የራሷ ነው፤ ማለት፣ ያስተማረችው ነው። እንዲያ የተስተካከለ፣ እንዲያ ነጥቡን የጠበቀ አማርኛ ለዚያች ልጅ በጠመኔ ጽፋ ያስቆጠረቻት እሷ ናት። ቢፍቱ ክፍል ውስጥ ግጥም በቃሏ ስትል እንዲህ ነበር የምትቆመው፣ ዓይኗን ግድግዳ ላይ ሰቅላ። በዚህ ቋንቋ ይህች ልጅ ተሳስታ አታውቅም፤ አልቅሳበትም አታውቅም። እንግዳን የምታስተናግድበት ነው። እና ዛሬ ለዚህ ቃሏ ሳሎኑን ከፍታ፣ ብርጭቆውን አጥባ ይዛ መጥታለች።

በእጇ አንድ መንገድ ብቻ ነበር የቀረው። እሱም በሩ ውጭ የቆመውን ሰው፣ ቤቱንም፣ ሃያ ዓመት የኖረችበትን ግቢም የሚያስከፍል ነው። በግድግዳ የሰማሁትን አላወራም ብላ ነበር። ምን እንደሰማች ሳይሆን መስማቷን ግን ልጅቷ ማወቅ አለባት፤ አለዚያ ይህች ልጅ እስከ ዕለተ ሞቷ እንግዳ አድርጋ ታስተናግዳታለች። ወንበሯን ወደ ቢፍቱ ሳበችና በተሰባበረ ኦሮምኛዋ እንዲህ አለቻት፦

«ቢፍቱ፣ እኔ ዛሬ እንግዳ አይደለሁም። ሳሎን አታስቀምጪኝ። ጠዋት ማድ ቤት ውስጥ እንደምታወሩት አውሪኝ። እሰማለሁ።»

ቢፍቱ ቀና አለች። «ትሰሚያለሽ?» አለች፣ በኦሮምኛ። ቃሉ ሳታስበው ነው ያመለጣት፤ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከዛሬ ጠዋት።»

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ። ቢፍቱ በሩን አየች፣ ጥግ ላይ ያለውን መምህር አየች፣ ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። ስታወርደው ግን መናገር ጀመረች፣ ከተናገረች ደግሞ ወንዝ ናት። እታገኘሁ ከሦስት ሁለቱን ያዘች፣ አንዱ አመለጣት። ቀስ በይ አለቻት፤ ቀስ አለች፣ እንደገና ፈጠነች። አባቷ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ሁሩታ እሷን ይዞ ይሄድ እንደነበር፣ ጆንያ የምትቆጥርለት እሷ እንደነበረች፣ ወንድሞቿ ያኔ አዳማ ሱቅ እንደነበሩ ነገረቻት። እዚህ ላይ አንድ ቃል መጣ፣ «ዳንጋ» የሚል፤ እታገኘሁ አላወቀችውም። ያወቀች መስላ አላለፈችውም። «ይህን አልሰማሁም፣ በሌላ ቃል ንገሪኝ» አለች። ቢፍቱ በጣቷ ጠረጴዛው ላይ መስመር አሰመረች፣ ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ እጇን አስቀመጠች። ድንበር ነው። አባትየው ድንበሩን ያሳያት እሷን ነበር። ድርሻዋን ለአንድ ሁለት ዓመት በኮንትራት ሰጥታ በገንዘቡ ፋርማሲ ልትማር ታስባለች፤ ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም። እናቷ፣ ከመሬት ወንድም ይሻልሻል፣ ባልሽ ቢያስቀይምሽ የምትመለሽው ወንድም ዘንድ ነው ይሏታል። «እውነቷን ነው» አለች ቢፍቱ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ጉቱን እወደዋለሁ። ግን ለምንድን ነው አንዱን ስመርጥ አንዱን የማጣው? እሱ መሬቱን ይዞ እኔንም ይዞ ይቀራል እኮ!»

እታገኘሁ አዋቂ ልሁን አላለችም። የተማረችውን ጥያቄ ብቻ ጠየቀች፣ «ማንም ውጭ ባይጠብቅሽ፣ ዳኛው ቢጠይቁሽ ምን ትያለሽ?»

«ድርሻዬን እፈልገዋለሁ እላለሁ።»

«ታዲያ ለቅቄያለሁ ብዬ ልጻፈው?»

ቢፍቱ ጠረጴዛው ላይ ያሰመረችውን፣ የማይታየውን መስመር በጣቷ ደግማ አሰመረችው። «አይጻፉት» አለች። «ዛሬ አይጻፉት። መጀመሪያ እኔው እነግራቸዋለሁ።»

ለሊሳ እስኪብርቶውን ኪሱ ከተተ። ቢፍቱ ልትወጣ ስትነሣ፣ «ቲቸር» አለ በአማርኛ፣ «ግሶችዎ ግማሹ አንካሳ ነው። የወንዱን ለሴት፣ የሴቷን ለወንድ ሰጥተዋል። ኤ የሚሰጠው ለሚያምር ነው፤ እኔ የምሰጥዎት ሲ ነው።» እታገኘሁ ሲ ያሳልፍ እንደሆነ ጠየቀችው። «ያሳልፋል። ባለጉዳይዋ ተናግራለች፤ ፈተናው እሱ ነበር።» ሦስቷ ክሬዲት እንዲህ ሆና ገባች፣ በቀለም ቆርቆሮ አጠገብ፣ እያነከሰች። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። በሩ ግን ገና አልተከፈተም።

ሲከፈት ጉቱ ቆሞ ነበር፣ እጁ ላይ የእህቱን መታወቂያ ይዞ። ቢፍቱ ፊት ለፊቱ ቆመችና፣ «ጉቱ፣ ዛሬ አልፈርምም። ቤት ሄደን እንነጋገር» አለችው። እሱ እሷን አላያትም። እታገኘሁን ነው ያያት። «ቲቸር፣ ምን አሏት?» አለ በአማርኛ።

«ጠየቅኋት እንጂ ምንም አላልኳትም» አለችው በኦሮምኛ።

ጉቱ ጠዋት ማድ ቤት ውስጥ የሳቀው ሳቅ ትዝ ያለው ይመስላል። ጆሮው ሥር ድረስ ደም መጣበት። መታወቂያውን እህቱ እጅ ላይ አስቀመጠ፣ ሞተሩን አስነሣና በዝናቡ ውስጥ ብቻውን ሄደ። ቢፍቱ በእግሬ ልሂድ አለች። እታገኘሁ አብሬሽ ልምጣ አላለቻትም፤ ወሬውን ቤት የምታደርሰው ራሷ ቢፍቱ ናት። እሷ ሻይ ቤት ገብታ፣ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጠች።

ግቢው ስትደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ጉቱ የለም፣ ሞተሩም የለም። የሳሎኑ መጋረጃ ተዘግቷል። ማድ ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ግን የሚናገር የለም፤ ያ ግድግዳ ከዚህ ቀደም እንዲህ ዝም ብሎ አያውቅም። እታገኘሁ ጫማዋን አውልቃ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ በቤቷ ዕቃ ላይ ዞረ። መጽሐፎቿ በካርቶን ናቸው፣ ምድጃዋ ትንሽ ናት፣ አልጋው ይፈታል። አንድ የጋሪ ጭነት አይሞላም። ሌላ ቦታ ሰርቪስ ቤት አሁን በምን ያህል እንደሚከራይ ታውቃለች፤ ደመወዟ ያውቀዋል። ይሁን፣ አለች። ነገሩ ቢደገም የጠየቅሁትን ደግሜ እጠይቃለሁ።

ያኔ ውሃ መጣ። ቧንቧው እንደተለመደው መጀመሪያ አየር አስነጠሰ፣ ከዚያ ፈሰሰ። ባልዲ ሲቀመጥ ሰማች፣ ሲሞላ ሰማች፣ ሌላ ባልዲ ሲተካ ሰማች። ጀሪካኑ ሞላ፣ በርሜሉ ተከደነ። ማንም አልተጣራም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ያ ጥሪ ሳይመጣ የቀረበት ቀን አልነበረም፤ ሐዘን ላይ እንኳ፣ የባለቤታቸው አስከሬን በወጣ ማግስት እንኳ፣ እትዬ አስያ በተዘጋ ድምፅ «ቲቸር፣ ባልዲዎን» ብለው ነበር። እታገኘሁ ሁለቱን ባዶ ባልዲዎቿን አየቻቸው። ወጥታ መቅዳት ትችላለች፣ ቧንቧው የጋራ ነው። አልተነሣችም።

በሩ ሳይንኳኳ ተከፈተ። እትዬ አስያ ናቸው፤ እጃቸው እስከ ክርናቸው ረጥቧል። ተናገሩ። በኦሮምኛ ነው የተናገሩት፣ ያውም ሳይመርጡ፣ ሳያዘገዩ፣ ልጆቻቸውን በሚቆጡበት ኦሮምኛ።

«ምን ያለሽ ሴት ነሽ አንቺ? ቤቴ ተቀምጠሽ ጆሮሽን ደብቀሽብኝ?»

«አልደበቅሁም። ዛሬ ጠዋት ነው የሰማሁት።»

«ዛሬ ጠዋት! ከሰማሽ ለምን ወደ እኔ አልመጣሽም? እኔ እናቷ አይደለሁም? ጭኮ አጉርሼሽ ሄደሽ ልጄን ከወንድሟ አጣላሻት! ጉቱ ምሳ አልበላም። ስልኩን ዘግቷል። እሷ ደግሞ እዚያ ተቀምጣ፣ ዓይኔን እያየች፣ ድርሻዬን እፈልጋለሁ ትለኛለች። ለእኔ! ከማን የተማረችውን አፍ ነው?»

እታገኘሁ ቆማ ሰማች። አልተከላከለችም። አንዳንዱ ቃል አለፋት፣ ቁጣው ግን አንዱም አልቀራትም። እትዬ አስያ ትንፋሽ አጥሯቸው የበሩን መቃን ያዙ። ውጭ ቧንቧው ይንሿሿል። ድምፃቸው ሲመለስ ሌላ ድምፅ ነበር፣ ዝቅ ያለ፣ ዓይናቸው መሬት ላይ ያለ።

«እኔ ዴራ የአባቴን መሬት ስለቅ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። አምስት ወንዶች ተቀምጠው እኔ ቆሜ። ወንድሞቼ እስከዛሬ ለአረፋ በግ ያመጡልኛል፣ አልበደሉኝም። ግን አንድም ሰው በር ዘግቶ፣ አስያ ምን ትፈልጊያለሽ ያለኝ የለም። አንድም።» መቃኑን ለቀቁት። «ያኔ ብጠየቅ ኖሮ ምን እል እንደነበር እንኳ አላውቅም።»



«ነገ ጉቱን አስመጣዋለሁ» አሉ እትዬ አስያ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ። «ሁለቱም ፊቴ ይነጋገራሉ። አንቺም ትቀመጫለሽ። ነገር ጀምሮ ዘሎ ማምለጥ የለም። ሳሎን አይደለም፣ ማድ ቤት ነው፤ እሳት ዳር።» ከዚያ እንደ መሄድ ብለው ቆሙ። «ፈተናውስ?»

«አለፍኩ። ሲ አገኘሁ።»

«ሲ ምንድን ነው?»

«ያሳልፋል፣ ግን አያምርም።»

«እሱንማ እኔም እየሰማሁት ነው» አሉ። ከንፈራቸው ጥግ ላይ የሆነ ነገር መጣና ተመለሰ። ወደ ቧንቧው ሄዱ። ከግቢው መሀል፣ ሰፈሩ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ በዚያው በኦሮምኛ ጮኹባት፦

«ምን ትገተሪያለሽ? ውሃው ሊሄድ ነው፣ ባልዲሽን አምጪ!»

እታገኘሁ ሁለቱንም ባልዲ አንሥታ በባዶ እግሯ ወጣች።